የመስኮት መስታወት ላይ የደረቀ የውሃ ኖራ በምን ይለቃል? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን ልጅ
ሰላም ለቤቱ። ድሬ ሳቢያን ነው ያለሁት። የቤቴ መስኮቶች በውጪ በኩል በሙሉ ነጭ ነጠብጣብ ሆነዋል። ግቢ ውስጥ አትክልት አለ፣ በጎማ ውሃ ስናጠጣ መስታወቱ ላይ ይረጫል፣ አቧራውንም ለማውረድ ብለን መስታወቱን በዚያው ጎማ እናጥበዋለን፣ ፀሐይዋ ደግሞ የድሬ ፀሐይ ናት፣ ጨርቅ እስክታመጣ እንኳን አትጠብቅህም። በኦሞ አሸሁት። በጋዜጣ አሸሁት። እርጥብ እያለ የጠፋ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን እዚያው ነው። አንዱ መስኮት ኤሲው ስር ነው፣ እሱ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነጭ መስመር አለው። አንድ ሰው «አሲድ ይዤ መጥቼ ላጽዳልህ» ብሎኝ ፈርቼ እሺ አላልኩም። የሚያውቅ ይንገረኝ። መስታወት ቀይር እንዳትሉኝ፣ ዋጋውን ጠይቄ ዝም ብዬ ነው የተመለስኩት።

አቦ ተወው
አቦ! ድሬ ተወልደህ ኖራ ትፈራለህ እንዴ? እኛ ቤት ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ኖራ አንድ ክፍል ቤት ይለስናል። አቼቶ ቀባበት በቃ።

ቲቸር ኬሚስትሪ
አቼቶ ልክ ነው፣ ግን «ቀባበት በቃ» ብቻ ከሆነ ነገ ተመልሶ ይመጣል።

ድሬ የምንጠቀመው ውሃ የጉድጓድ ውሃ ነው፣ እዚያው አንተ ሰፈር ሳቢያን ያሉትን ጉድጓዶች ጨምሮ። ውሃው በኖራ ድንጋይ መሀል አልፎ ነው የሚመጣው። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ስላለው እኮ ነው የሲሚንቶ ፋብሪካም የተተከለው። ስለዚህ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። መስታወት ላይ ሲያርፍ ውሃው ይተንና ካልሲየም ካርቦኔቱ ይቀራል። ይሄን ሳሙና አያሟሟውም፣ እንዲያውም እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ሳሙናው ራሱ አረፋ እምቢ ይላል፣ ልብስ ስታጥቡ ታውቁታላችሁ። የሚያሟሟው ደካማ አሲድ ነው፣ አቼቶ ውስጥ 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ አለ።

ከመጀመርህ በፊት ሁለት ነገር ሞክር። አንድ ጥግ ላይ አቼቶ ጠብ አድርግና ቀረብ ብለህ እየው፣ ትንንሽ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው፣ እሰየው። ቀጥሎ በጥፍርህ ዳስሰው። ከፍ ብሎ ጥፍርህን የሚይዘው ነገር ከላይ የተቀመጠ ነው፣ ይለቃል። ጥፍርህ ምንም ሳይይዘው እየተንሸራተተ ዓይንህ ግን ጭጋግ ካየ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል ማለት ነው፣ ቁስሉ ድኖ ጠባሳው እንደቀረ ቆዳ። እሱን አቼቶ አይነካውም። በርሜል ብታፈስበት ያው ነው።

የሳቢያን ልጅ
ቲቸር ተባረክ። አቼቶውን ስቀባው ግን ወደ ታች ይወርድብኛል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላም ይደርቃል። እንዴት ነው የሚቆየው?

ቲቸር ኬሚስትሪ
ፀሐይ ያለበትን ሰዓት ተው። ጠዋት በጣም በማለዳ ወይ ፀሐይዋ ከዚያ ግድግዳ ዞር ስትል ሥራ። መስታወቱ የጋለ ከሆነ አቼቶው ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። ሶፍት ወይም ስስ ጨርቅ አቼቶ ውስጥ ንከርና መስታወቱ ላይ ለጥፈው፣ ራሱ ተጣብቆ ይቆማል። በላዩ ላይ ፌስታል ቀደህ ዘርግተህ ለጥፍበት፣ እንዳይደርቅ። ሩብ ሰዓት ተወው። ከዚያ አንሳውና በዚያው ጨርቅ እያዞርክ እሽ። ያልለቀቀ ካለ ድገመው፣ ጉልበት ግን አትጨምር፣ እዚህ ላይ የሚሠራው ጊዜ እንጂ ክንድ አይደለም። ኖራው የወፈረበት ቦታ አቼቶውን ውሃ አትጨምርበት፣ ለስስ ነጠብጣብ ግን እኩል በእኩል በሞቀ ውሃ ይበቃል።

አንድ ነገር አትርሳ። የመስኮቱ ደፍ እምነበረድ ከሆነ ፎጣ አንጥፍበት። እምነበረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አቼቶው መስታወቱን ሲያጸዳ ደፉን ይበላዋል፣ ወዙን ያጠፋዋል።

ሚሚ ቤት ለቤት
እኔ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ቀላቅዬ ነው የምጠቀመው፣ ፍልቅልቅ ሲል ቆሻሻውን ይዞት ይወጣል። በጣም አሪፍ ነው፣ ሞክሩት።

ቲቸር ኬሚስትሪ
ሚሚዬ አትቀየሚኝ። ሶዳው አልካሊ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው፣ አቼቶው አሲድ፣ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ያ ፍልቅልቅታ አሲዱ ሶዳው ላይ ሲያልቅ ነው፣ ኖራው ላይ መዋል የነበረበት አሲድ። የሚቀርሽ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ነው።

ሚሚ ቤት ለቤት
ታዲያ ለምን ይጸዳልኛል? ዝም ብዬ አልፈጠርኩትም እኮ።

ቲቸር ኬሚስትሪ
ያልሟሟው ሶዳ ስታሺው ቀስ አድርጎ ስለሚፍቅ ነው። እሱ ይሠራል፣ አልካድኩም። ግን ለየብቻ አድርጊው። መጀመሪያ አቼቶ፣ ታጠቢው፣ ከዚያ ሶዳውን በጥቂት ውሃ ለውሰሽ በእርጥብ ጨርቅ እሺ። ሁለቱንም ጥቅም ታገኛለሽ።

እማማ ከዚራ
ልጆች፣ እኛ ድሮ የፋኖሱን መስታወት በአመድ ነበር የምናሸው፣ እንዴት እንደሚያበራ። አሁን ሁሉም ነገር ፋርማሲና ኬሚካል ሆነ። አመድ ነፍታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሞክሩት።

ቲቸር ኬሚስትሪ
እማማ፣ ለፋኖሱ ልክ ነሽ፣ ፋኖሱ ላይ ያለው ጥላሸትና ቅባት ነው፣ አመድ ደግሞ ለቅባት ባላንጣ ነው። ኖራ ላይ ግን አመድም እንደ ኖራው አልካሊ ስለሆነ አያሟሟውም። በዚያ ላይ በደንብ ካልተነፋ ውስጡ አሸዋ አይጠፋም፣ ትልቅ መስታወት ላይ ጭረቱ ፀሐይ ሲመታው ይታያል።

እማማ ከዚራ
እሺ ልጄ፣ ተማሪማ አይረታም።

የአልሙኒየም ሰው
አዲስ አበባ መስኮት መግጠም ነው ሥራዬ። ያ «አሲድ ይዤ ልምጣ» ያለህን ሰውዬ በሩን አትክፈትለት። ይዞ የሚመጣው የሽንት ቤት ሴራሚክ የሚያጸዱበትን አሲድ ነው፣ ሃይድሮክሎሪክ። ኖራውን አዎ በደቂቃ ያነሳዋል። ግን ወደ ታች ሲወርድ የአልሙኒየም ፍሬሙን ቀለም ይበላል፣ ያቆሽሸዋል፣ ከተበላ በኋላ ምንም ብታደርግ አይመለስም። ብሎኑንና ማጠፊያውን ያዝገዋል። ጭሱ ደግሞ ለሳንባ ጠንቅ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ እንዲህ ተደርጎ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ፍሬሞች ሁሉ ዝንጉርጉር ሆነው አይቻለሁ፣ መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ ዙሪያው ግን ለማየት ያስጠላል።

ሌላው፣ መስታወትህ ሪፍሌክቲቭ ነው? ያ ከውጪ ሲያዩት እንደ መስታወት ፊት የሚያሳየው፣ ሰማያዊ ወይ ቡናማ። እሱ ከሆነ የተቀባው ፊት በየትኛው በኩል እንዳለ ሳታውቅ ሽቦም ምላጭም ዱቄትም አታስጠጋ። ቀለሙ ይላጣል። በጣም ለስላሳ ጨርቅ፣ በውሃ የቀጠነ አቼቶ፣ ቶሎ ማጠብ፣ አለቀ። ቲንት ፕላስቲክ የተለጠፈበትም እንደዚሁ።

የሳቢያን ልጅ
አይ የኔ ተራ ነጭ መስታወት ነው። ፍሬሙ ግን አልሙኒየም ነው። እንኳን ፈራሁ።

ጅዳ ያለሁት
ለሁላችሁም አንድ ነገር ልበል፣ በተለይ ለእህቶቼ ሰው ቤት ለምትሠሩ። አሲድ ወይም አቼቶ ከበረኪና ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅሉ። የክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። እዚህ አብራኝ የምትሠራ ልጅ መታጠቢያ ቤቱን በሽንት ቤት አሲድ አጽድታ ሳታጥበው ላዩ ላይ በረኪና ደፋችበት፣ በሩ ዝግ ነበር፣ ጎትተን ነው ያወጣናት። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች፣ ሳሉ ግን ሰንብቶባታል። መስኮት ላይ ስትሆኑ ንፋስ አለ ትሉ ይሆናል፣ ባልዲው ግን ቤት ውስጥ ነው ያለው። በአንድ ባልዲ ትናንት በረኪና ተበጥብጦበት ዛሬ አቼቶ አይገባበትም፣ ታጠቡት።

ቲቸር ኬሚስትሪ
ይሄ ከሁሉም በላይ ነው። አንብቡት፣ ለቤተሰብም ንገሩ።

ቬጋስ ሾፌሩ
ሰላም ሀበሻ። ላስ ቬጋስ ነኝ፣ እዚህም ችግሩ የናንተው ነው። ውሃችን ከኮሎራዶ ወንዝ በሌክ ሚድ በኩል የሚመጣ ነው፣ ጥንካሬው፣ ማለትም የያዘው ኖራ፣ በሊትር ከ250 ሚሊግራም በላይ ነው። ከ180 ያለፈው ነው በጣም ጠንካራ ውሃ የሚባለው። ሣር የሚያጠጣው ስፕሪንክለር ትንሽ ከተጣመመ መስኮቱን በየቀኑ ይረጨዋል፣ ክረምት በጋ፣ በዓመቱ መስታወቱ ወተት የተደፋበት ይሆናል። እኔ የተጠቀምኩት ባር ኪፐርስ ፍሬንድ የሚባል ዱቄት ነው፣ ኦክሳሊክ አሲድ አለበት፣ በእርጥብ ስፖንጅ ቀስ ብለህ ታሸዋለህ፣ ጓንት አድርገህ። ለወፍራሙ ደግሞ 4 ዜሮ የሚባል በጣም ስስ የብረት ሽቦ ይሸጣል፣ መስታወቱ በደንብ እርጥብ ሆኖ በሱ ይታሻል፣ አይጭርም።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ዋናው ስፕሪንክለሩን ማስተካከል ነው። ጎረቤቴ በየወሩ ሰው እየከፈለ ያሳጥባል፣ ስፕሪንክለሩ ግን እስከ ዛሬ መስኮቱ ላይ ነው። ሰው እንዴት ነው የማያየው?

የአልሙኒየም ሰው
ቬጋስ፣ 4 ዜሮውን ያልከው ልክ ነው፣ ግን እዚህ ያለ ሰው አንብቦ የድስት ሽቦ እንዳያነሳ። የኛ የድስት ሽቦ ወፍራም ነው፣ መስታወቱን ያርሰዋል። ካላገኛችሁ ይቅርባችሁ።

አቦ ተወው
ኮካስ? ኮካ ዝገት ያለቅቃል ይላሉ።

ቲቸር ኬሚስትሪ
ፎስፎሪክ አሲድ አለው፣ ትንሽ ይሠራል። ስኳሩን ግን ማን ሊልሰው ነው፣ ጉንዳን ቤት ድረስ መጥራት ከፈለግህ ሞክር።

ኔታንያ
ሻሎም። እዚህ እስራኤል ኖራውን አቫኒት እንለዋለን፣ ቤት ሁሉ የሚያጸዳው በሜላህ ሊሞን ነው፣ ሲትሪክ አሲድ ዱቄት ማለት ነው። ከአቼቶ የሚሻለው ሽታ የለውም። ግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ታሟሟለህ፣ በሚረጭ ጠርሙስ ታደርገዋለህ። ለማንቆርቆሪያም እሱኑ ነው የምናፈላበት። አዲስ አበባም ድሬም ጣፋጭ ምግብና ከረሜላ የሚሠሩ ሰዎች ስለሚጠቀሙበት ቅመምና የዳቦ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ጠይቅ።

የሳቢያን ልጅ
ሰዎች፣ ውጤት ይዤ መጣሁ። ሲትሪኩን አገኘሁት፣ ሶፍት ለጥፌ ፌስታል አልብሼ ሠራሁት። የአትክልቱ በኩል ያሉት መስኮቶች ለቀቁ! ሶፍቱን ሳነሳው ስሩ ነጭ ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል፣ በጥፍሬ ስነካው ያ ሻካራነቱ የለም። ወፍራም የነበረው የታችኛው ጥግ ሲደገም ነው የወጣው። ከኤሲው ስር ያለው ግን እምቢ አለ። ላዩ ላይ የነበረው ትንሽ ለቀቀ፣ መስመሩ ግን አለ፣ ስዳስሰው ለስላሳ ነው። ኤሲው የሚያወርደው ውሃ ምን ዓይነት ኖራ ነው ያለው?

ቲቸር ኬሚስትሪ
የሚገርምህ ነገር የኤሲ ውሃ ኖራ የለውም። ከአየር ላይ ያለ እርጥበት ቀዝቅዞ የወረደ ነው፣ ከቧንቧው ውሃ በጣም የነጻ ነው። ኤሲው ከመስኮቱ በላይ ግድግዳ ላይ ነው አይደል? ውሃው በምን ላይ አልፎ ነው መስታወቱ ላይ የሚደርሰው?

የሳቢያን ልጅ
ቱቦው አጭር ነው። ግድግዳው ላይ ይፈሳል፣ በሲሚንቶ ልስኑ ወርዶ ነው መስኮቱ አናት ላይ የሚንጠባጠበው። ልስኑ አዲስ ነው፣ ቀለም አልተቀባም።

ቲቸር ኬሚስትሪ
አገኘነው። ንጹሑ ውሃ ባልተቀባ ሲሚንቶ ላይ ሲወርድ ከውስጡ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ያ ኃይለኛ አልካሊ ነው፣ እርጥብ ሲሚንቶ እጅ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። መስታወት ላይ እያረፈ ሲደርቅ፣ እንደገና ሲረጥብ፣ እንደገና ሲደርቅ፣ መስታወቱን ራሱን ይበላዋል። ላዩ ላይ የነበረው ኖራ በሲትሪኩ ሄዷል፣ አሁን የምታየው የተበላው ቦታ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ አሲድ አታባክን።

ቱቦውን ዛሬውኑ አስረዝመህ ወደ አትክልቱ አውርደው። ልስኑንም ቀለም አስቀባው። እንዲያውም የኤሲውን ውሃ ባልዲ ላይ አጠራቅመውና መስታወቱን መጨረሻ ላይ አለቅልቅበት፣ ሲደርቅ ነጠብጣብ አይተውም። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው ለመኪና ባትሪ የሚጨመር ዲስቲልድ ውሃም ይሆናል፣ ግን ተጠንቀቅ፣ እዚያው ጎን የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጀሪካን ይቀመጣል፣ ጽሑፉን አንብብ።

አቦ ተወው
ስንት ዓመት የኤሲ ውሃ መንገድ ላይ ስናፈስ ኖርን አቦ።

የአልሙኒየም ሰው
ቲቸር ሥራችንን ወሰድክብን፣ ግን ልክ ነህ። አዲስ ሕንፃ ላይ ሁሌ የሚያጋጥመን ይሄ ነው፣ ዝናብ ከኮንክሪቱ ላይ እያጠበ መስታወት ላይ ያወርደዋል፣ አሸንዳ ወይ ውሃ ማንጠባጠቢያ ጠርዝ አይሠሩለትም።

የተበላውን በተመለከተ፣ ስስ ከሆነ ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል ዱቄት ፖሊሽ ይደረጋል፣ የመኪና የፊት መስታወት ፖሊሽ የሚያደርጉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። ዱቄቱ በውሃ ይለወሳል፣ በድሪል ላይ በሚገጠም ፌልት ይታሻል። መስታወቱ ሁሌ እርጥብ መሆን አለበት፣ አንድ ቦታ ላይ ከቆየህ ይግልና ይሰነጠቃል። ሥራው አሰልቺ ነው። ጥልቅ ከሆነ ግን ከመስታወቱ ጋር ከመታገል ያንን አንዱን መስታወት ብቻ መቀየር ይሻላል። ፍሬሙን አትንካ፣ መስታወቱን ብቻ አስለክተህ አስቀይር፣ ሙሉ መስኮት ነው የሚቀየረው የሚልህን አትስማ።

ደግሞ መስታወትን በተአምር ያጸዳል እየተባለ የሚሸጥ ነገር ካያችሁ ላዩ ላይ ሃይድሮፍሎሪክ የሚል ካለ አትግዙ። እሱ መስታወት ይበላል፣ ሰው ላይ ደግሞ በቆዳ አልፎ እስከ አጥንት ነው የሚደርሰው።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም
በዚሁ ላስገባ፣ የኛ ሰፈር መስታወቱ ላይ ያለው ውሃ ሳይሆን ሲሚንቶና ቀለም ነው፣ ሠራተኞቹ ረጭተውት የሄዱት። በምን ይነሳ? ደግሞ እህቴ ሌላ ሰፈር ነው ያለችው፣ እሷ ቤት ነጠብጣብ የሚባል አታውቅም፣ የኔ ግን በየጊዜው ያው ነው፣ አንድ ከተማ አይደለንም እንዴ?

የአልሙኒየም ሰው
አንድ ከተማ ናችሁ፣ ውሃችሁ ግን አንድ አይደለም። የለገዳዲና የገፈርሳ የግድብ ውሃ የሚደርሰው ሰው ቤት ኖራው ትንሽ ነው፣ የአቃቂ ጉድጓድ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ያየዋል።

ለሲሚንቶው፣ መስታወቱን በሳሙና ውሃ በደንብ አርጥብ። አዲስ ምላጭ በመያዣው ውስጥ አድርግ፣ አጋድመህ ወደ ፊት ብቻ ግፋ፣ እየጎተትክ አትመልሰው፣ ከስሩ የገባች አንዲት የአሸዋ ፍሬ ረጅም ጭረት ታወጣለች። ደረቅ መስታወት ላይ ምላጭ በፍጹም። ቴምፐርድ መስታወት ከሆነ ደግሞ፣ ያ በሙቀት የጠነከረው፣ ምላጩን ተወው፣ በአቼቶ አርጥበህ በፕላስቲክ መፋቂያ ሞክር።

መቀሌ ነኝ
እኛም ጋ ኖራ ነው፣ አገሩ ሁሉ የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ሲመጣ ነው መስታወት የምናጥበው፣ መጀመሪያ የወረደውን ጣሪያውን ያጥብ ብለን እንለቀዋለን፣ ቀጥሎ ያለውን በበርሜል እንይዛለን። አንዲት ነጠብጣብ አይተውም። ለልብስም ሳሙና ይቆጥባል።

ሚሚ ቤት ለቤት
ቲቸር፣ ያልከውን ሞከርኩት፣ ለየብቻ። እሺ ልክ ነህ። አሁን የሻወሬን መስታወት ንገረኝ፣ እሱ ኖራም አለው የሆነ የሚያሟልጭ ነገርም አለው። የሻወሩ ራስ ደግሞ ግማሹ ቀዳዳ ተደፍኖ ውሃው ወደ ጎን ይረጫል።

ቲቸር ኬሚስትሪ
የሚያሟልጨው ሳሙናና ኖራ ተያይዘው የሠሩት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ቅባቱን አንሺ፣ ታጠቢው፣ ከዚያ ሲትሪኩን እርጪ። ተገላቢጦሽ ካደረግሽው አሲዱ ቅባቱን አልፎ አይገባም። ከዚያ በኋላ የታጠበ ሰው ሁሉ ሲወጣ በመስታወት መጥረጊያ ላስቲክ ከላይ ወደ ታች ይጥረገው፣ የሚከብዳቸው ባሎች ብቻ ናቸው።

ለሻወሩ ራስ፣ አቼቶ ፌስታል ውስጥ አድርጊና ራሱ ውስጡ እንዲነከር አድርገሽ በላስቲክ እሰሪው። ሌሊቱን ሙሉ አትተዪው፣ ኒኬል ቅቡ ይበላል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከዚያ ፈትተሽ ቀዳዳዎቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሺና ውሃውን በኃይል ልቀቂው፣ ፊትሽን ዞር አድርገሽ።